ላሊበላ በባለ ሀብት ዓይን



አንድ ከተማ ባለ ሀብትን ሲጋብዝ የሚያቀርበው ዝርዝር የታወቀ ነው፤ ሰፊ መሬት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ አመቺ መንገድና ለሥራ የተዘጋጀ የሰው ጉልበት። በወሎ ይህን ዝርዝር ለማቅረብ የሚቀናው፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀበት ኮምቦልቻ ነው። ላሊበላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከወልድያ ወረታ ጐዳና ጋሸና ላይ ተገንጥለው 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው የሚደርሱባት የደጋ ከተማ በመሆኗ፣ ከኮምቦልቻ ጋር በፋብሪካ ልትወዳደር አትችልም። ባለ ሀብትን የምትስበው በሌላ ነገር ነው።

ይኸውም በዛጔ ነገሥታት ዘመን ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ሥፍራዎች አንዱ የላሊበላ ነበር። ይህ ሀብት በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ሁለት ጠባይ አለው። ሌላ ቦታ ሊሠራ ስለማይችል ተወዳዳሪ የለውም፤ የቤተ ክርስቲያን በመሆኑም ባለ ሀብት ሊገዛው አይችልም። ስለዚህ መዋዕለ ንዋይ የሚውለው በቅርሱ ላይ ሳይሆን፣ ቅርሱን ሊያይና ሊሳለም ለሚመጣው እንግዳ በሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተሠራው ከሰባት ወይራ ሆቴል ጀምሮ ገንዘብ በብዛት የፈሰሰው ወደ ሆቴል ሥራ ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ሒሳቡ በአመዛኙ በውጭ አገር ጐብኚ ላይ መመሥረቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ጐብኚው ቀረ። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዪቱ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ቍስሉን አባሰው። እንግዳ ሲጠፋ የባለ ሆቴሉ ዕዳ፣ የአስተናጋጁ ደመወዝና የአስጐብኚው የዕለት እንጀራ አብረው ይናጋሉ።

ይሁን እንጂ በሒሳቡ ውስጥ እምብዛም ያልተቈጠረ ሌላ እንግዳ አለ። ጦርነቱ ከከተማዪቱ ከራቀ ሳምንታት እንኳ ሳይበዙ፣ በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል ምእመናን በብዙ ሺህ ሆነው ተሰብስበዋል። ምእመኑ ስንቁን ቋጥሮ፣ ብዙ ጊዜም በእግሩ ተጕዞ ይመጣል፤ በድንኳንና በሜዳ ያድራል። የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም መምጣቱ አይቋረጥም። ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ አቅሙ የሚፈቅድለት ማደሪያና የሕዝብ ማመላለሻ ያስፈልገዋል። እነዚህን የሚያቀርብ ድርጅት ትርፉ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ገበያው ግን በክፉ ቀን በቀላሉ አይከዳውም።

ሁለተኛው ጕዳይ የእንግዳው ገንዘብ የት ይቀራል የሚለው ነው። በገበታው ላይ የሚቀርበው አትክልት፣ እንቍላልና ማር ከሩቅ የመጣ እንደ ሆነ፣ የተከፈለው ብር የላስታን ገበሬ ሳይነካ ተመልሶ ይሄዳል። የላስታ መሬት ተዳፋትና የተሸረሸረ፣ የገበሬውም ይዞታ ጠባብ ነው። በአንጻሩ ነጭ ማሩ የታወቀ ነው። ማሩን አጣርቶ የሚያሽግ፣ ሰሙንም ለጧፍ የሚያውል አነስተኛ ድርጅት ሁለቱንም እንግዳ በአንድ ጊዜ ያገለግላል። በመቄት ደጋ ገበሬዎች በኅብረት ጐጆ ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጐብኚዎችን ማስተናገዳቸውም እንግዳው የሚቈይበት ቀን እንዲረዝም የሚያደርግ መልካም ምሳሌ ነው።

የኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180/2012 የውጭ ባለ ሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲመድብ ይጠይቃል። ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች ግን ከዚህ ያነሰ ገንዘብ የሚበቃቸው በመሆናቸው የሚስማሙት ለአገር ውስጥ ባለ ሀብት ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚያው አዋጅ እንደ አገር ውስጥ ባለ ሀብት ለመቈጠር መምረጥ ይችላሉ።

እንግዲህ ከባለሙያ የሚጠበቀው፣ ለላሊበላ የሚቀርብን የሥራ ዕቅድ በሦስት ጥያቄዎች መመርመር ነው። የውጭ ጐብኚ ለሁለት ዓመት ቢቀር ድርጅቱ ይቆማልን? ከሚያገኘው ገንዘብ ስንቱ በላስታ ይቀራል? ሕንፃውና የውሃ ፍሳሹ አብያተ ክርስቲያናቱን ይጎዳሉን? ሰላም ሳይመለስ ከእነዚህ አንዱም የተሟላ መልስ አያገኝም። ሰላም በተመለሰ ጊዜ ግን የቀድሞው ስሕተት እንዳይደገም ሒሳቡ ከዛሬ ጀምሮ ተሠርቶ ሊጠብቅ ይገባል።