ውሃው ሲመጣ ማን ማንን ይይዛል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርእስ ስለ ሩዝ ዘርና ማዳበሪያ አጠቃቀም ነበር። ስለ ዩሪያ ዓመቱን ሙሉ ስለማደክማችሁ ዛሬ እንኳ ልማራችሁ ብዬ ሌላ ጉዳይ እንዲፈቀድልኝ ጠየቅሁ። ጉዳዩ የጎርፍ አደጋ ነው። በተለይም ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ በደረቅ ቀን፣ በቤቱ ተቀምጦ ሊወስነው ስለሚገባው ነገር ነው። ይህ በበዓል ቀን የሚነሳ ወሬ ነው ወይ የምትሉኝ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን እናትም አባትም፣ የላይኛው ቀበሌም የታችኛውም በአንድ ዳስ ሥር የሚገኙት በዓመት አንድ ቀን፣ ዛሬ ብቻ ነው።

የፎገራን ሜዳ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ቢሆንም ለእንግዶቻችን ጥቂት ልበል። ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሲደክምም የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ሩዛችንን የሚያበቅልልን ይህ ደለል ነው። የወንዙን ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያደረገ ውሃውን ከዳር አውጥቶ ወደ ቤታችን የሚልክብንም ይኸው ደለል ነው። የርብ ግድብ ተሠርቷልና ከእንግዲህ ሥጋት የለም የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውኛል። ከግድቡ በታች ወደ ርብ የሚገቡ ወንዞች እንዳሉ፣ ጉማራም በራሱ መንገድ እንደሚወርድ ግን መዘንጋት የለበትም።

ደግሞም ጎርፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ ከወንዙ የሚመጣው ነው፤ ድንገተኛ ነው፣ ድፍርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊትን ይመርጣል። ሁለተኛው ጣና ሞልቶ መስከረም ገደማ የሚመልስብን ውሃ ነው። ይህኛው ቀስ እያለ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ግን እንደ ክፉ እንግዳ አልሄድም ይላል። ለሁለተኛው ዕቃ ለማሸሽ ጊዜ አለ። ለአንደኛው የለም። ሰው የሚጎዳው የመስከረሙን ልምድ ይዞ የነሐሴውን ሲጠብቅ ነው፤ "አምና እኮ እስኪነጋ ደጃፍ ላይ ነበር" ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት እኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ክረምት ምን እንደሆነ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ሐምሌ 30 ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ውሃ ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሕዝብ በተኛበት ጨረሰ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚያየው ወንዝ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሕዝቡን ከነከብቱ ወሰደ። ከዚያም ተራው የእኛ ሆነ፤ ፎገራም፣ ሊቦ ከምከምም፣ ደምቢያም በውሃ ተዋጡ።

እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላ እኔን በእጄ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ አወጣችን። አጎቴም አብሮን ወጥቶ ነበር። ጉብታው ላይ ከደረስን በኋላ ግን "በሬዎቹን አስሬ ነው የመጣሁት" አለና ተመለሰ። ሁለቱ በሬዎች ከነጋ በኋላ ገመዳቸው ተቆርጦ እየዋኙ ወጡ፤ አንዱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አርሷል። አጎቴን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ገመዱን የቆረጠው እሱ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢላዋው ከወገቡ አልነበረም።

ይህን የምናገረው ልታዝኑልኝ አይደለም። አጎቴ ሞኝ አልነበረም፤ ውሃም ያውቃል። የገደለው ያንን ውሳኔ በጨለማ፣ ጎርፉ ደረቱ ላይ ሲደርስ መወሰኑ ነው። ማታውኑ ደመናውን አይቶ በሬዎቹን ፈትቶ ቢተዋቸው ኖሮ እሱም እነሱም ይወጡ ነበር። ስለዚህ በነሐሴ ሌሊት ውሃ በሚያሠጋበት ቦታ ከብት አስሮ ማደር ይቅር። ከተቻለ ደግሞ አባቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው ክረምት ሲገባ ከብቱን ደጋ ላለ ዘመድ ማስጠጋት ነው። እኔ በምሠራበት ቀበሌ ይህ ልማድ እየቀረ ነው፤ ሰዉ ከብቱን ከዓይኑ ማራቅ አይፈልግም። ለዘመዱም የሩዝ ገለባ ቢላክለት እኮ ውለታው ይመለሳል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሰኔ፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ስለ ጎርፍ ዝግጁነት ሥልጠና ሰጠሁ። 40 ያህል ሰው ተገኘ፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በዚያው ክረምት ውሃው የመጣው በገበያ ቀን ነው። እኔ ያሠለጠንኋቸው አባወራዎች ገበያ ናቸው፤ ትምህርቱም አብሯቸው ገበያ ነው። ቤት የነበረችው አንዲት እናት ከአራስ ልጇ፣ ከሁለት ሕፃናትና እግራቸው ከማይራመድ አማቷ ጋር ነበረች። ወዴት እንደሚወጣ የነገራት የለም። ጎረቤቶቿ ማታ በታንኳ ደርሰው አወጧቸው። በማግሥቱ "እታለም፣ ውሃው ሾላው ሥር ሲደርስ ለምን አልወጣሽም?" ብላት "እሱ ሳይመጣ ቤቱን ጥዬ ብወጣ ምን ይለኛል ብዬ ነዋ" አለችኝ። ያ ሥልጠና በሪፖርቱ ላይ "በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" ተብሎ ተጽፏል። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በመሆኑም ዛሬ አባወራዎችን የምጠይቃችሁ ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ ለባለቤታችሁ "እኔ ባልኖርም ውሃው እዚህ ከደረሰ ቤቱን ጥለሽ ውጪ" በሏት። "እዚህ" የሚባለው ቦታ የታወቀ ይሁን፤ ሾላ፣ የአጥር በር፣ የጉድጓድ አፍ፣ ማንም ሕፃን በጣቱ የሚያሳየው ይሁን። ከዚያ ማን ማንን እንደሚይዝ ተነጋገሩ። አራሱን ማን ያዝላል? አያትን ማን ይሸከማል? በቤቱ የሚሸከም ጎልማሳ ከሌለ ከጎረቤት ማን ይመጣል? የ10 ዓመት ልጅ የ5 ዓመቷን እንዲይዝ ከተነገረው ይይዛታል፤ ካልተነገረው ግን ጥጃውን ሊፈልግ ይሮጣል። መንገዱን ደግሞ በቀን አብራችሁ ሂዱበት። አቋራጭ ብለን የምንሄድበት ጎዳና ብዙ ጊዜ የውሃውም አቋራጭ ነው። ጉልበት ድረስ ብቻ የሆነ የሚወርድ ውሃ ጎልማሳ ሰው እንደሚጥል አትርሱ፤ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር ቦይ አይታይም።

ስለ ስንቅ እናቶቼን ማስተማር አያምርብኝም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ከእናንተ የተማርሁት ነው። ማገዶው ሁሉ ርሶ እሳት በማይነድበት ቀን ሳይበስል የሚበላ ይኸው ነው። ሁልጊዜ ተረስቶ የሚያስቸግረው ውሃ ነው። በውሃ ተከቦ የሚጠጣ ውሃ ማጣት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ጉብታው ላይ ያደርን እናውቃለን። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ 3 ሊትር ብንይዝ፣ 5 ሰው ላለበት ቤት አንዷ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ቀን አትሞላም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጀሪካን ተሞልተው ተከድነው ይቀመጡ። ጎርፍ መጸዳጃ ቤቱንም ጉድጓዱንም አንድ አድርጎ ስለሚሄድ፣ ከወረደ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ሳይታከም መጠጣት የለበትም። ተቅማጥ የያዘው ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እስክትደርስ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል በልኩ ተሰፍሮ፣ ተበጥብጦ ደጋግሞ ይጠጣ። አጎበሩንም ይዛችሁ ውጡ፤ ውሃው ሲተኛ ወባዋ ትነሳለች። ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ልጆች እጃቸውን በጆንያና በክምር ውስጥ እንዳይሰዱ፤ እባብም እንደ እኛ ደረቅ ቦታ ሲፈልግ ነው የከረመው።

የመሬት ይዞታ ደብተራችሁ፣ የማኅበር አባልነት ደብተራችሁ፣ መታወቂያችሁና የጤና መድኅን ደብተራችሁ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ደለል ድንበርን ይሸፍናል፤ ከጎርፍ በኋላ የድንበር ክስ እንደሚበዛ የመሬት አስተዳደር ባልደረቦቼ ምስክር ናቸው። ለዘር የተቀመጠው ምርጥ እህልም በደንብ ደርቆ፣ ለነቀዝ መከላከያ በመጣው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ታስሮ ቆጥ ላይ ይውጣ። መሬት ላይ ተቀምጦ የረጠበ ዘር በሚቀጥለው ዓመት በእጥፍ ዋጋ እንደሚገዛ የምታውቁት ነው።

ከደጋው ለመጣችሁ አባላት ጎርፍ የሜዳው ሰው ችግር ሊመስላችሁ ይችላል። የናንተ አደጋ የመሬት መንሸራተት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሰምታችኋል። ተራራው መጀመሪያ ተንዶ የተወሰኑ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ለመቆፈር ሲሰበሰብ እንደገና ተናደ፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ብዙዎቹም ሊያድኑ የመጡት ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሮጦ መድረስ ወጋችን ነው፤ እኔም አትድረሱ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሆኖም ከሚቆፍሩት ተለይቶ ዓይኑን ከተራራው ላይ የማይነቅልና የሚጮህ አንድ ሰው ይመደብ፤ ዝናቡ ካላቆመም ሴቶችና ሕፃናት ከሥር አይሰብሰቡ። በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍና አጥር ከዘመመ፣ የምንጩ ውሃ ያለ ወትሮው ከደፈረሰ፣ ያን ሌሊት እዚያ ቤት ማደር አይገባም።

በመጨረሻም የዩኒየናችንን አመራርና የወረዳ ኃላፊዎቻችንን የሚመለከት ሁለት ጉዳይ አለኝ።

አንደኛው ስልክ ነው። ይህ ዩኒየን ከጉና ሥር እስከ ጣና ዳር አባል ማኅበራት አሉት። ላይ የዘነበው ዝናብ ታች እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል፤ የላይኛው ማኅበር ጸሐፊ ለታችኛው ጸሐፊ ቢደውል እነዚያ ሰዓታት የእኛ ናቸው። ለማዳበሪያ ዕዳ ሌሊት ሳይቀር የሚደወለው ስልክ ለጎርፍ የማይደወልበት ምክንያት አይታየኝም። (ሳቅ) ከአንድ ሰው ግን ሁለት ሰው ይመደብ። አንድ ጊዜ መልእክቱ በሰዓቱ ተልኮ የተቀባዩ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበርና፣ እኛ የሰማነው ከውሃው ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሕዝቡ የሚወጣው ወደ ትምህርት ቤት ነው። ነሐሴ ላይ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቁልፉም ብዙ ጊዜ ከተማ ነው ያለው። አራስ ይዞ በዝናብ ከተቆለፈ ክፍል በር ላይ የቆመን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰኔ 30 ጀምሮ የአንድ ሁለት ክፍል ቁልፍ በጉብታው አጠገብ ለሚኖር ታማኝ ሰው በፊርማ ይሰጥ። የዩኒየኑ መጋዘን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስላለ የእሱም ቁልፍ እንዲሁ ይሁን፤ ዘራቸውን የሚያስቀምጡበት ቆጥ የሌላቸው አባላት፣ በተለይም ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች፣ ክረምቱን በአንድ ጥግ እንዲያስቀምጡ ይፈቀድላቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ ለቦርዱ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እናንተም ጠይቁ።

በእኛ ቀበሌ የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከየቤታችን ተነስተን እስከ ጉብታው እንሄዳለን። ሕፃናትም፣ አረጋውያንም፣ ጀሪካኑም ሳይቀር። በሸክም የሚወጣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ በቤቱ ያለው ሰው ከዳሱ በስተቀኝ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ መዝገብ ይዞ ተቀምጧልና ሳይመዘገብ አይሂድ፤ የሚሸከሙ ጎረምሶች ስም በቀይ፣ የሚሸከሟቸው በሰማያዊ ነው የሚጻፈው። እስካሁን ሰማያዊው በዝቷል።