አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት (ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ልጆች «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛልን» ሲሏችሁ፣ ብዙ ወር የሚከፈል ዕዳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ስለዚህ መጀመሪያ «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል ወይ?» በሉ። ካልተቀበለ፣ ሊኑክስ የተባለው በነጻ ይጫንበታል።

ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ በኤስኤስዲ ይለወጥ፤ ዝግታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ 8 ይሁን። ዲዲአር 4 በዲዲአር 3 ቦታ አይገባምና ዓይነቱን ጽፋችሁ ሂዱ። ፎቶግራፎችንና የልጆቹን የትምህርት ሥራ አስቀድማችሁ አስገልብጡ።

የተረፈው ገንዘብ ለልጁ መጽሐፍና አስጠኚ ይሁን።