ዕጣ በብዙ እጅ ሲወጣ

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመቃብር ቁፋሮና የድንኳን ተከላ ተረኛ በወረቀት ዕጣ መለየቱ ቀርቶ በኮምፒውተር ይሁን የሚል ሐሳብ ከወጣቶቻችን ቀርቧል። የወልድያው፥ የመርሳውና የውርጌሳው ጸሐፊ በአንድ ሰዓት ከአንድ ፕሮግራም ያወጣሉ ማለት ነው። ሐሳቡን አንቃወምም። ነገር ግን እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብና በደረሰኝ ያሳለፍን ሰዎች ልጆቹን ጠይቀን የተረዳነውን ለእናንተም ልንነግር ወደድን። ዕጣው ካልታመነ ነገ ሬሳ ተቀምጦ «ተራው የኔ አይደለም» የሚል ይመጣልና።

ኮምፒውተር እንደኛ ወረቀት ጠቅልሎ አያማታም፤ ያሰላል እንጂ። ፊተኛውን ቁጥር ይዞ በተወሰነ ሕግ ተከታዩን ያወጣል። ለምሳሌ ሕጉ «በ21 አባዛ፥ 7 ጨምር፥ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ያዝ» ቢሆን፥ ከ12 ተነሥቶ 59 ይወጣል፤ ከ59 ደግሞ 46፤ ከ46 ደግሞ 73። እያንዳንዱ ውጤት መዝገቡ ላይ ይጻፍና ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የወልድያውና የመርሳው ጸሐፊ እኩል ደርሰው ሁለቱም መዝገቡ ላይ 59ን ቢያዩ፥ ሁለቱም 46 ያወጣሉ። ይህ ዕጣ ሳይሆን ግልባጭ ነው። ሁለት ገንዘብ ያዥ በአንድ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ እኩል አይጽፍም፤ ይኸም እንዲሁ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መዝገቡን መቆለፍ ነው፤ አንዱ ጨርሶ እስኪለቅ ሌላው ይጠብቃል። ደኅና ነው፥ ግን ወረፋ ያበዛል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የራሱን ጥራዝ መስጠት ነው። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2003 ዓ.ም. በወጣው 7ኛ እትሙ ይህንኑ አዘጋጅቷል። መነሻ ቁጥራቸው ግን ይለያይ። ሦስቱም ከ12 ቢነሡ ሦስቱም 59፥ 46፥ 73 እያሉ አንድ ዓይነት ዝርዝር ያወጣሉ። መነሻውን ከሰዓት እንውሰድ የሚሉም አሉ፤ በአንድ ሴኮንድ ከጀመሩ ያው ነው። አንድ ቁጥር አልፎ አልፎ ቢገጥም ዕድል ነው፤ ዝርዝሩ በሙሉ ከገጠመ ግን ዕድል አይደለም።

ደግሞም ሕጉንና የመጨረሻውን ቁጥር ያወቀ ሰው የሚቀጥለውን ያውቃል። ስለዚህ ገንዘብ ወይም ቤት ላለበት ዕጣ እንዲህ ያለው ስሌት ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ ሰው ሊገምተው ከማይችለው ነገር፥ ለምሳሌ ቁልፎቹ ከሚመቱበት የጊዜ ልዩነት፥ ከሚያጠራቅመው መነሣት አለበት።

ከቁጥሩ ሌላ የስም ዝርዝሩ አለ። በአዲስ አበባ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው አስተዳደር በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ብሎ ሰረዘው፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስንት ዓመት የቆጠበ ሰው «ደረሰኝ» ብሎ እልል ካለ በኋላ ምን ተሰማው?

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። የአባላት ስም አስቀድሞ በጉባኤ ፊት ተነብቦ ይዘጋ። የሦስቱ ሰፈር ጥራዝ ለየብቻ፥ መነሻውም የተለያየ ይሁን። ፕሮግራሙን ከሠራው ልጅ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይመርምረው። ዕጣውም ሁላችን እያየን ይውጣ። ያን ጊዜ ወጣቱም ሽማግሌውም የደረሰውን ተራ ያለ ቅሬታ ይቀበላል።

ፈጣሪ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።