የተቀመጡ የኢሜይል ደብዳቤዎችን ቀን ስለ ማረም

(በመካነ ሰላም ለማኅበራችን አባሎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ይኸውም በፋይል ተቀምጠው በቆዩ የኢሜይል ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ የሚገኘውን የተሳሳተ ቀን በሼል ትእዛዝ ማረም ነው። ይሁን እንጂ ቀኑ የተሳሳተ ደብዳቤ ሐሰተኛ ምስክር ስለሚሆን፣ መዝገብ ለሚጠብቅ ባለሙያ ጉዳዩ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተነሣ አንድ ታሪክ ላውሳ። በ1998 ዓ.ም. አንድ የግብርና ባለሙያ በበልግ የሚዘራ የገብስ ዘር እንዲላክ አመለከተ። ማመልከቻው ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በመኪና ተልኮ፣ እዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ተጽፎ፣ በስልክ መስመር ወደ አዲስ አበባ በኢሜይል ተላለፈ። ዘሩ ዘግይቶ ደረሰ፤ የመዝሪያው ጊዜም አለፈ። ቆይቶ «ማን አዘገየው?» ተብሎ ሲመረመር፣ ከፋይሉ የታተመው ወረቀት «ሜይ 15 ቀን 1998» ይላል። መርማሪዎቹ ዓመቱን የራሳችን ዓመት፣ ወሩን ግንቦት አድርገው ወሰዱትና ባለሙያው ዘር የጠየቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ብለው ፈረዱበት። አገራችን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ሆነ፣ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ቢነበብም እንኳ የሚያስጠረጥር አልነበረም።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን ቀን የሚጽፈው የላኪው ኮምፒዩተር ነው። የደሴው ጸሐፊ መስከረም 3 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ የመኪናውን ሰዓት ሲሞላ፣ 3/1/1998 ብሎ አስገባ። መኪናው ግን ይህን ጃንዋሪ 3 ቀን 1998፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ተቀበለው። እውነተኛው ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2005 ነበር። ከዚያ ወዲያ መኪናው በራሱ ወሮች ስለ ቆጠረ፣ የእኛንም የፈረንጆችንም ዘመን ሳይከተል ቀረ። ስለዚህ 7 ወይም 8 ዓመት በመደመር ሊታረም አይችልም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሞላ ሰዓት እስኪነካ ድረስ የሚሳሳተው በእኩል መጠን ነው፤ የዚህኛው ልዩነት 2810 ቀንና 6 ሰዓት ነው።

ይህን ያወቅነው ሰርቨሮች ደብዳቤውን ሲቀበሉ በራስጌው ላይ ከሚያትሙት የመቀበያ ማኅተም ነው። በዚያ ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2006 ይላል፤ ይኸውም ሰኞ ጥር 15 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ባለሙያው የጠየቀው በግንቦት ሳይሆን ከበልጉ አስቀድሞ ነበር።

እንግዲህ የአሠራሩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂ ይወጣል። ትእዛዙ እያንዳንዱን ደብዳቤ ከላይ እስከ መጀመሪያው ባዶ መስመር ብቻ ያነባል፤ ከባዶው መስመር በታች ያለው የደብዳቤው አካል ስለ ሆነ፣ እዚያ ተጠቅሶ የሚገኝ የሌላ ደብዳቤ ቀን መነካት የለበትም። ቀጥሎ የራሳችን ሰርቨር ያተመውን የላይኛውን ማኅተም ወስዶ፣ ሁለቱንም ቀኖች «ዴት» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ሰከንድ ለውጦ ልዩነታቸውን ያሰላል። ደብዳቤ በመስመር ላይ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ልዩነቱ ከአንድ ቀን ያነሰውን ለሰው ዓይን ይተዋል። የቀረውንም ቢሆን አስቀድሞ በዝርዝር አሳይቶ፣ ሰው ከተመለከተው በኋላ ብቻ ያርማል። በመጨረሻም የደብዳቤዎቹ ቁጥርና የአካላቸው ይዘት ከእርማቱ በፊትና በኋላ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል።

ሁለት ነገር ላሳስብ። ሰዓቱ በየጊዜው እንደገና ተሞልቶ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዘመን የራሱ ልዩነት ይፈለግለታል። በላኪው ዘንድ የቀሩ ቅጂዎች ደግሞ የሰርቨር ማኅተም ስለሌላቸው፣ ቀናቸው የሚታወቀው ከተሰጣቸው መልስ ጋር በማስተያየት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የቀድሞው ቀን አይሰረዝ። አዲሱ ቀን ሲገባ አሮጌው «የቀድሞ ቀን» በሚል መስመር በዚያው ራስጌ ውስጥ ይቀመጥ። የብራና ጸሐፊ የዘለለውን ቃል በመስመሮች መካከል ሲጨምር፣ አንባቢው ስሕተቱንም እርማቱንም አብሮ ያያል። እኛም እንዲሁ ማድረግ ይገባናል፤ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ብቻ የሚተው ሰው አረመ ሳይሆን በሌላው እጅ ጻፈ ይባላልና።

የዚያን ዓመት የበልግ ገብስ ማንም አይመልሰውም። የባለሙያው ስም ግን በአንድ መስመር ማኅተም ተመልሷል። በየመሥሪያ ቤታችሁ ተቀምጠው በሚገኙ ፋይሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚጠብቅ ሌላ ደብዳቤ እንዳለ አስቡና፣ ከማተማችሁ በፊት ማኅተሙን ተመልከቱ።