የወታደር ቤተሰብ ደጃችሁ ሲመጣ

(የወታደር ቤተሰቦችን ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች በፍኖተ ሰላም በተዘጋጀው ሥልጠና መክፈቻ ላይ አንዲት የማኅበራችን አባል ያደረጉት ንግግር)



እኔ የቡሬ ሴት ነኝ። በርበሬ ነግጄ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ትምህርቱን የሚሰጡት የተማሩት ናቸው። እኔ የተጠየቅሁት ከመስኮቱ ወዲያ ቆሜ ያየሁትን እንድናገር ነው።

የእኛ አገር ወታደር የሚወጣበት አገር ነው። ብርሸለቆ ማሠልጠኛ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ልጅ ሲሄድ ሸኝተናል፤ ሲመለስ እልል ብለናል፤ ሳይመለስ ሲቀር አልቅሰናል። የቀረችውን ሴት ማን እንደሚቀበላት ግን ብዙም አላሰብንበትም።

ባለቤቴ የሄደው በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ነው። ውጊያው በ1992 ቆመ፤ እሱ አልመጣም። መርዶው የደረሰኝ ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም ነበር። ጥቁር አልለበስሁ፣ ተዝካር አላወጣሁ። ጎረቤት «አይዞሽ ይመጣል» ሲለኝ ይከፋኛል፤ «ነፍስ ይማር» ሲለኝ ደግሞ የባሰ ይከፋኛል። ሚስትም አይደለሁ፣ መበለትም አይደለሁ።

ለዚህ ነገር ስም የሰጡት፣ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቁ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ያጠኑ ፓውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር መሆናቸውን የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በእኛ አፍ ያልለየለት ሐዘን ልንለው እንችላለን። እኔ አበድሁ እያልሁ እፈራ ነበር። የባሕር ማዶ ሴቶችም እንደኔው እንደሆኑ ስሰማ፣ ሕመሙ ከእኔ ሳይሆን ከነገሩ እንደመጣ ገባኝና ቀለለኝ።

መርዶው ከመጣ በኋላ ደግሞ የወረቀቱ ጣጣ ተከተለ። ባለቤቴ በሠራዊቱ መዝገብ የተጻፈው በትምህርት ቤት ስሙ፣ በቀበሌ የተጻፈው በቤት ስሙ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት «ስሙ አይገጥምም፣ ቀበሌ ሂጂ» አለኝ። ቀበሌው ወደ ፍርድ ቤት መራኝ። ሕፃን አዝዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ማንም አልሰደበኝም፤ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወንበር ሰጠኝ። የት እንደምሄድ፣ ምን ይዤ እንደምሄድ፣ ማንን እንደምጠይቅ በተራ ቁጥር በወረቀት ጻፈልኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበርና ትልቁን ልጄን አስጠንቶ ላከኝ። ጉዳዬ አለቀ። ያ ልጅ ከሌላው የተለየ ሥልጣን አልነበረውም። መንገዱን ያውቅ ነበር፣ እኔንም እንደ ሰው አየኝ። ይህ ሥልጠና የተዘጋጀው እንደሱ ያሉ ሰዎች እንዲበዙ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

መጀመሪያ አዳምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ቃል ያስተምራል፤ እይ፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። «አልቅሰሽ ይውጣልሽ» ወይም «አታልቅሺ» ማለት የለበትም። ከዘመቻ የተመለሰው ባል ሌሊት እየጮኸ ከነቃ፣ መጠጥ ካበዛ፣ እጁ ቤተሰቡ ላይ ካረፈ፣ «የወታደር ጠባይ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አገናኙ።

ሁለተኛ፣ ሕጉንና ወረቀቱን እወቁ። የጡረታ መብት ያለው ወታደር ሲሞት ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ይታሰባል። ይህን የማታውቅ ሴት ብዙ ናት። ጋብቻና ልደት በመላ አገሪቱ በቀበሌ መመዝገብ የተጀመረው ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያገባችው ምስክር ወረቀት ላይኖራት ይችላል፤ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በምስክር ታስረዳለች። «ወረቀት የለሽም» ብላችሁ አትመልሷት። የጠፋ ሰው ሲሆን ደግሞ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል ይላል። ነገር ግን ውሳኔው ጋብቻውንም ያፈርሳል። ይህን ንገሯት፤ ከዚያ ምርጫው የራሷ ነው። አትግፏት። ፍለጋ ከፈለገች የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፤ እዚያ አድርሷት። መሬቷንም አትርሱ። ይዞታ ደብተሩ ላይ የእሷም ስም ካለ፣ የባል ዘመድ ነጥቆ ለእኩል አራሽ ሊሰጠው አይችልም።

ሦስተኛው የመርዶ ነገር ነው። የእድር ዳኞች፣ ይህ የእናንተ ሙያ ነው። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አስታማሚ ከጎን ቆሞ ነበር። ዛሬ ገበያ መሐል ቆማ በስልክ የምትረዳ ሴት አለች። ወሬ ከሰማችሁ አጣሩ፤ ካልተጣራ ዝም በሉ፤ ከተጣራ እንደ ወጉ አድርጉት።

አራተኛው ምስጢር ነው፤ ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነቱ ራሱ ደጃችን ደርሷል። በአንድ እድር ውስጥ የአንዷ ልጅ መከላከያ ነው፣ የሌላዋ ልጅ ጫካ ነው። ሁለቱም እናቶች እንቅልፍ የላቸውም። ባሏ ወታደር መሆኑን ጮክ ብላ መናገር የምትፈራ ሴት አለች። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁትን ቡና ላይ ካወራችሁት፣ ከመዝገብ ውጭ በደብተር ከጻፋችሁት፣ አንድ ቤት ልታጠፉ ትችላላችሁ። «ባልሽ ከማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ አፍ አይውጣ። ጥያቄያችሁ «ምን ጎደለሽ?» ይሁን። ማኅበራችን የሴት እንባ በወገን አይለይም ብሎ ነው የተነሣው።

ለረዳችሁን ወገኖች አንድ ነገር ልበል። ሥልጠና ሁለት ቀን ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤት ቤት በእግሯ ትዞራለች። እሷም ወንድሟ ወይም ባሏ የዘመተባት ልትሆን ትችላለች፤ የሌላውን ሐዘን ስትሸከም ውላ የራሷን የምታወርድበት ቦታ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ በየወሩ ተሰብስበው የሚመካከሩበት ቡናና የመጓጓዣ ገንዘብ እንዲታሰብ እንለምናለን። ትንሽ ወጪ ናት፤ ያለሷ ግን ትምህርቱ በደብተር ይቀራል።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ከዚህ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንዲት ሴት ያዙ። ጉዳይዋ እስኪያልቅ አትልቀቋት። ያ ጸሐፊ ለእኔ የጻፈልኝን ወረቀት ለእሷ ጻፉላት። ማንበብ ካልቻለች አስጠኗት።

የሄዱትን በሰላም ይመልስልን።