ከሚስማሩ በፊት፦ የጣውላ ወለልና የደን ጥበቃ በሻሸመኔ



በሚስማር ስለሚመታ የቤት ወለል እናገራለሁ ብል ርዕሱ ለአደባባይ ንግግር ያነሰ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለሻሸመኔ ነዋሪ ወለልና ደን የተራራቁ ጉዳዮች አይደሉም። በስተምሥራቅ የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን፣ በቅርብ ርቀትም የደን ትምህርት የሚሰጥበት የወንዶ ገነት ኮሌጅ ይገኛሉ። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ የጣውላ ወለል ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው ሚስማሩ ከመመታቱ በፊት፣ በእንጨቱ አደራረቅ ነው። ጣውላን በሚገባ ማድረቅም ደን ከመጠበቅ የሚቆጠር ሥራ ነው።

ለረጅም ዘመን ለጣውላ ይመረጡ ከነበሩት ዛፎች መካከል ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ይገኙበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 እነዚህን አራት ዛፎች ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሏል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቢተካም፣ የአገር በቀል ዛፎች ጥበቃ አስፈላጊነት አልቀነሰም። ስለዚህ ፊታችንን ማዞር ያለብን ተተክለው ወደሚያድጉት፣ በተለይም ወደ ፈረንጅ ጥድና ወደ ባሕር ዛፍ ነው። ከሁለቱ በእንጨት ሳይንስ «ጠንካራ እንጨት» ከሚባለው ምድብ የሚገባው ባሕር ዛፍ ነው። መረገጥን ይችላል፤ ነገር ግን ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። እንጨት የሚኮማተረው በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱና በውፍረቱ ነው። እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ ከስፋቱ 0.3 በመቶ የሚያጣ ጣውላ እንውሰድ። እርጥበቱ 22 በመቶ ሳለ ወለል ላይ ተመትቶ፣ ቤት ውስጥ ወደ 12 በመቶ ቢወርድ፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። 4 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል 40 ጣውላዎች ይደረደራሉ፤ የክፍተቱ ድምር 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያግድ ሚስማር የለም። እንዲያውም በእርጥብ እንጨት ውስጥ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ወለሉም በተረገጠ ቁጥር ይንቋቋል።

በሻሸመኔ የራሴን ቤት ሁለት ክፍሎች በባሕር ዛፍ ጣውላ ያለበስኩት ይህን መሠረት አድርጌ ነው። ጣውላው ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ በጋውን በሙሉ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየድርድሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመበት ነፋስ ሲያገኝ ቆየ። ሦስት ጣውላዎች መርጬ በየሳምንቱ እመዝን ነበር። ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ጣውላው ከአካባቢው አየር ጋር መስማማቱን አወቅሁ። ከዚያም ወለሉ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አስገብቼ ጥቂት ሳምንታት አቆየሁት። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው ደግሞ በቁጥር ሊያውቀው ይችላል፦ 500 ግራም የሚመዝን ናሙና ክብደቱ እስኪጸና በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርቆ 400 ግራም ቢሆን፣ የእንጨቱ እርጥበት 25 በመቶ ነበር ማለት ነው።

አመታቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሞራሌዎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በውሃ ልክ ተስተካክለው ይታሰራሉ፤ ከሥራቸው አየር እንዲዘዋወርና ምስጥ እንዳይጠጋ ይደረጋል። ለ20 ሚሊ ሜትር ጣውላ 50 ሚሊ ሜትር ሚስማር ተስማሚ ነው። ሚስማሩ በጣውላው ምላስ በኩል ወደ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ሲመታ፣ የሚቀጥለው ጣውላ ጭንቅላቱን ይሸፍነዋል፤ እያንዳንዱም ጣውላ በአንድ ጠርዙ ብቻ ስለሚያዝ ከወቅት ወቅት ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ባሕር ዛፍ እንዳይሰነጠቅ በተለይ ጫፉ አካባቢ አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ይገባል። ከግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። በክረምት የሚያብጠው ወለል መሄጃ ካላገኘ ወደ ላይ ይነሣልና።

ይህ ሁሉ ከደን ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ ነው። አንድ ቤተሰብ ቆጥቦ ያሠራው የባሕር ዛፍ ወለል በዓመቱ ሲጣመም፣ የሚወቀሰው አደራረቁ ሳይሆን ዛፉ ነው። «ባሕር ዛፍ ለወለል አይሆንም» ይባላል፤ ቀጣዩ ሰውም ዝግባና ዋንዛ ፍለጋ ይሄዳል። የአዋጅ ክልከላ ብቻውን ይህን ፍላጎት አያጠፋውም። የሚያጠፋው የታመነ አማራጭ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው ጥያቄ ይህ ነው፦ የደረቀና እርጥብ ጣውላ በገበያ ላይ በምን ይለይ? እርጥበቱ ተለክቶና ተጽፎ የሚሸጥ ጣውላ በከተማችን ቢለመድ፣ ገዢው ከኪሳራ፣ አናጢው ከወቀሳ፣ የቀረን ዝግባም ከመጋዝ ይድናል።