የበረሃ ጉዞና የመንገደኛ መዝገብ

በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ ለምእመናን የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በምድረ በዳና በአስቸጋሪ ስፍራ ስለ ተደረጉ ጉዞዎች የተጻፉ ጽሑፎችን የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ 33ኛ ምዕራፍ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የእስራኤልን ጉዞ ሰፈር በሰፈር እንደ ጻፈ እናነባለን። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ብቻ መስሎን እናልፈዋለን። ነገር ግን በኤሊም 12 የውኃ ምንጮችና 70 የተምር ዛፎች እንደ ነበሩ፣ በራፊድም ደግሞ ለሕዝቡ የሚጠጣ ውኃ እንዳልነበረ ይነግረናል። ካህኑ አሮን በሖር ተራራ ላይ ሲያርፍም ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ፣ ዕድሜውም 123 ዓመት እንደ ነበረ ተጽፎአል። እንግዲህ የመንገደኛ መዝገብ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የት እንደ ታደረ፣ ውኃ የት እንደ ተገኘና የት እንደ ጠፋ፣ ማን የት እንደ ቀረ።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኤጌርያ የምትባል ክርስቲያን ሴት ከምዕራቡ ዓለም ተነሥታ ወደ ቅዱሳት መካናት ተጓዘች። በሲና ምድረ በዳ አልፋ የእግዚአብሔርን ተራራ በእግሯ ወጣች። ያየችውን ሁሉ በአገሯ ለቀሩት እኅቶች በደብዳቤ ጻፈችላቸው። በየስፍራው ስትደርስ ስለዚያ ስፍራ የሚናገረውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ታስነብብ ነበር። ጽሑፏ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሰው ዓይን ተሰውሮ ቆይቶ በ1884 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ በአሬዞ ከተማ ተገኘ። ዛሬ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ሰሙነ ሕማማትን እንዴት ታከብር እንደ ነበር የምናውቀው በአብዛኛው ከእርሷ ነው።

የእኛ አባቶችም በዚህ መንገድ ተመላልሰዋል። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከሠራዬ ተነሥተው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል እስከ አርማንያ ደርሰው በዚያው ዐርፈዋል። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ስማቸው ያልተጻፈ መነኮሳት ከደጋው ወደ ሰዋኪን ወርደው፣ በግመል ምድረ በዳውን አቋርጠው፣ በዓባይ ሸለቆ ወደ ካይሮ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዘዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ከእነዚህ መንገደኞች አንዳንዶቹን አግኝቶ መንገዳቸውን ጠየቃቸው። ቶማስ፣ እንጦንስና ሩፋኤል የተባሉ መነኮሳት የከተሞቹንና የወንዞቹን ስም፣ የጉዞውንም ቀን ቆጥረው ነገሩት፤ እርሱም ጻፈ። ይህ መዝገብ በ1958 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። መነኮሳቱ መንገዱን በልባቸው ያውቁት ነበር፤ ለእኛ የደረሰው ግን የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው ስላገኙ ነው።

በዚያው ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ300 በላይ ስለሚሆኑ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ጽፎአል። መነኮሳትና መነኮሳይያት በአንድነት ወጥተው፣ እየጸለዩ ቀስ ብለው ሲጓዙ ወደ ሰዋኪን በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቃት ደረሰባቸው። ከሞትና ከባርነት የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ቍጥራቸው በአልቫሬዝ መጽሐፍ ይገኛል፤ የሟቾቹ ስም ግን አይገኝም። ከእነዚያ ወገኖች አንዱን እንኳ ዛሬ በስሙ ልንጠራው አንችልም።

የተወደዳችሁ ወገኖች፤ ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል በመተማ ወጥተው ሱዳንን ያቋረጡ፣ የሰሐራን አሸዋ በተጨናነቀ የጭነት መኪና ላይ ያለፉ፣ ባብ ኤል መንደብን በጀልባ የተሻገሩ አሉ። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ሃይማኖታቸው አንገታቸውን የሰጡት ወንድሞቻችንም በዚህ መንገድ ላይ የነበሩ ስደተኞች ናቸው። ከመካከላችን ወንድሙ፣ እኅቷ ወይም ልጃቸው በመንገድ የቀረባቸው ቤተሰቦች አሉ። ዕለተ ዕረፍቱን ስለማያውቁ 40ውን መቍጠር አልቻሉም። አንዳንዶቹም «ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆን?» እያሉ ጸሎተ ፍትሐት ለማስደረግ ይፈራሉ። ከሟቹ ጋር በአንድ መኪና የተጓዘው፣ የመጨረሻውን ጉርጓድ ውኃ አብሮት የጠጣው ሰው ግን ምናልባት በሌላ ከተማ፣ በሌላ ደብር ያስቀድስ ይሆናል። የሚጠይቀው ስላላገኘ ዝም ብሎአል።

«ያለፈውን ማንሣት ቍስልን መነካካት ነው» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማንም ተገድዶ አይናገር። ለንስሐ አባት የተነገረው ምስጢር ነውና ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ስም አይጻፍ። መናገር ለሚወድ ግን ጆሮና ብዕር ይዘጋጅለት። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ከአንድ ካህን ጋር ሆነው ቢጠይቁ፣ ሦስቱን ነገሮች አይርሱ፦ መንገዱ በየት ነበር? ውኃና እርዳታ ከማን ተገኘ? ማን የት ቀረ? ለቀሩትም የክርስትና ስማቸው ይጠየቅ፤ ጸሎቱ የሚደርሰው በእርሱ ነውና። ጌጥ አይጨመርበት። ውኃ ያቀበለ የባዕድ አገር ሰው ካለም፣ የእምነቱ ልዩነት ሳይታይ ደግነቱ ይጻፍለት።

ሙሴ የአሮንን ቀን በመጻፉ እስራኤል ካህናቸው የት እንዳረፈ ዐወቁ። የእኛም መዝገብ ለአንዲት እናት እንኳ ቀን ቢሰጣት፣ ደብራችን በዚህ የምሥረታ በዓሉ ከሠራቸው ሥራዎች ታላቁ ይሆናል።

በመንገድ የቀሩትን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። እኛንም ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።